ሦስት ጊዜ የጠፋው መብራት

በእኛ ሠፈር መኪናው የታመመበት ሰው «መኪናዬን ሥራልኝ» አይልም፤ «መብራቱን አጥፋልኝ» ነው የሚለው። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት፣ ቼክ ኢንጅን የሚሏት፣ ቦግ ስትል ሰው ሁሉ የሚያሳስበው መብራቷ እንጂ ሞተሩ አይደለም። እኔ ከጋራዡ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት «ለምን በራች?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ በአንድ እጄ ጣቶች ብቆጥር ጣት ይተርፈኛል። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ በሰው ላይ ስቆጣ «አንቺስ የት ነበርሽ?» እንዳትሉኝ ነው። እዚያው ነበርኩ።

የምነግራችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ መካኒኩ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ እኛ ግን «ጋሽ ጆሮ» ነው የምንለው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም። እጀታው ከእንጨት የሆነ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ካቻቢቴ አለው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ያን ጊዜ አጠገቡ ያወራ ሰው ወዮለት። ቆይቶ ዓይኑን ይገልጥና «ሦስተኛዋ ካንዴላ ሰንፋለች» ይላል። ሲፈታ እውነትም ሦስተኛዋ ሰንፋ ትገኛለች። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል፣ ነጭናጫ ነው፣ ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ረዳት ቢቀጥርም አይበረክትለትም። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። እንዴት ሃያ ሁለት ዓመት ሳንጣላ እንደኖርን ፈጣሪ ይወቀው።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው አራት ዓመቷ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ጋራዡ ውስጥ አደገች። ጎማ በጎማ ላይ ደርቦ፣ ከላዩ ጣውላ አድርጎ ጠረጴዛ ሠራላት፤ የቤት ሥራዋን እዚያ ላይ ትሠራ ነበር። ደብተሯ ሁሉ ግራሶ በግራሶ ነው። አስተማሪዋ አንድ ቀን «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው?» ብላ ስትቆጣት «የአባዬ ጣት ነው» ብላ መለሰችላት። ዛሬ እሷም አስተማሪ ናት። ባሏ ሥራው ራቅ ያለ ቦታ ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ እሷ ነገሩ ሲደርስ ሰባት ወር የሞላትን ሕፃኗን ይዛ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ጋሽ ጆሮ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ሀብት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሌላ ነገር የለውም፣ አይፈልግምም።

ሕፃኗን «ክላክስ» ያላት አያትየው ራሱ ነው። ለቅሶዋን የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሲርባት ትጮኻለች፣ ስትጠግብ ትጮኻለች፣ ስትታቀፍም ስትቀመጥም ትጮኻለች። «ይህቺ ልጅ ባትሪዋ የማን ሥሪት ነው?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱ ግን በኩራት ያብጣል። «ድምፅዋን ስሚ፣ ጥርት ያለ!» ይለኛል፣ አዲስ ሞተር እንዳስነሳ ሰው።

እናትየው የምትነዳት መኪና ከራሷ በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ አሮጊት ናት። ጋሽ ጆሮ ከተጣለችበት አንስቶ፣ በእሑድ በእሑድ እየሠራ፣ ልጁ አስተማሪ የሆነች ዕለት ቁልፉን ሰጣት። ቀለሟ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ነው፤ አንዱ በር ግን ነጭ ነው። ነገሩ ከመድረሱ ከወር በፊት ደግሞ ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት ብሎ፣ ስንት ዘመን የሞተውን ማሞቂያ ነፍስ ዘራበት። ያን ቀን ሁላችንም እየተራ ገብተን እጃችንን ሞቅነው። ከዚያ ወዲህ ተአምር ታየ፤ ያቺ እናት አቅፋት፣ አያት አዝሏት፣ እኔ ዘፍኜላት እምቢ ያለች ሕፃን መኪናዋ ውስጥ ከገባች ጥቂት ሳትቆይ ለጥ ትላለች። መኪናዋን «ሞግዚቷ» አልናት። አልፎ አልፎ ሕፃኗ ለቅሶ ስታበዛ እናትየው ሞተሩን አስነስታ ዝም ብላ አስቀምጣት ታውቃለች። ተመስገን አልን። ሁላችንም ተመስገን አልን።

መብራቷ መብራት የጀመረችውም ያኔ ነው።

በፊት ቢሆን ጋሽ ጆሮ ኮፈኑን ከፍቶ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ያደርግ ነበር። ግን የልጁ ባል መዳፍ የምታህል መሣሪያ አምጥቶለታል። ከመሪው ሥር ትሰካታለህ፣ የመኪናውን ኮምፒዩተር ታናግርና አንድ የቁጥር ኮድ ታወጣልሃለች፤ አንዲቷን ቁልፍ ስትጫን ደግሞ መብራቱ ድርግም ይላል። ደንበኛው ያችን ካየ በኋላ ማንም ጆሮ አልፈለገም። «ጋሼ፣ ቸኩያለሁ፣ አጥፋልኝ ብቻ» ነው። መጀመሪያ ላይ ይነጫነጭ ነበር። ቆይቶ እሱም ለመደው። ካቻቢቴው የሥራ ካፖርቱ ደረት ኪስ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ተሰክቶ ቀረ። አንድ የቀረው የድሮ ልማዱ ኮዱን በጠመኔ ግድግዳው ላይ መጻፉ ነው፣ ከነባለቤቱ። የልጁ ስም አጠገብ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያው አንድ ኮድ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር።

ያን ዕለት ማክሰኞ ነው፤ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ልጅቱ መስኮቱን በጣት ያህል ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ ያቺ ጉደኛ ደግሞ በራች።»

«ሦስተኛ ጊዜ?»

«ሦስተኛ። በናትህ ቶሎ በልልኝ፤ ድልድዩ ጋ ሰልፉ ሳይረዝም ልድረስ።»

ያኔ ድልድዩ እየተጠገነ ስለነበር አንድ ወር ሙሉ በአንድ ወገን ብቻ ነበር የሚያሳልፉት። ግማሽ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ያለ ነው። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ሕፃኗን የምታውልላት አማቷም እዚያው ናት።

ጋሽ ጆሮ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ ከሞተሩ ኋላ ሰደደ፤ የጭሱን አየር የሚለካውን ሴንሰር ሽቦ ነካ ነካ አደረገና ዘጋው። መሣሪያውን ሰካ። ያው ኮድ።

«ነዳጅ አንሶ አየር በዝቷል ነው የምትለው። ሴንሰሩ አርጅቶ እየቀባጠረ ነው» አለ። «ቅዳሜ እቀይርልሻለሁ።»

እኔ ሱቄ በራፍ ላይ ቆሜ ነበር። «ክላክስስ?» አልኳት።

«ተኝታለች እትዬ። ከቤት ስንወጣ ሠፈሩን አናውጣ ነበር፤ ማዞሪያው ጋ ሳንደርስ ጭጭ።» ግንባሯን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች። «እኔንም ራሴን ይዞኛል። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ሳስተምር ይተወኛል።»

«እንቅልፍ ማጣት ነው» አልኩ እኔ፣ ሁሉን አዋቂዋ።

ጋሽ ጆሮ ቁልፏን ተጫነ፤ መብራቷ ጠፋች። እንደ ልማዱ ጣራውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፤ «ሂጂ» ማለቱ ነው። እሷም ዝናቡ እንዳይገባ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለች አበባ አበባ የምትሸት የመኪና ሽቶ ስትወዛወዝ አየሁ። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በፊት «ትንሽ ጭስ ጭስ ይለኛል» ስትለኝ «የመንገዱ ነው፣ ይቺን ስቀይ» ብዬ ከሱቄ መርጬ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ያዘዘኝን ብሎን ይዤለት ገባሁ። ኮዱን በጠመኔ እየጻፈ ነበር። መቼስ ምላሴ አያርፍም፤ «ጋሼ፣ ያቺን መኪና ለእኔ ስጠኝ። እንቅልፍ ከከዳኝ ዓመቴ ነው። ሕፃን አዋቂ ሳትል የምታስተኛ መኪና የት ይገኛል?» አልኩት።

ጠመኔው ግድግዳው ላይ ቆመ።

«አዋቂ ስትይ?»

«ልጅህን ነዋ! አልነገረችህም? ባለፈው ሳምንት ሰልፉ ላይ ዓይኗ ተከድኖ ከኋላ በክላክስ ቀሰቀሷት። እያሳቀችኝ ነበር እኮ።»

አልሳቀም። ቀኝ ክንዱን ቀስ ብሎ አነሳና የካፖርቱን እጅጌ አየ። ከክርኑ በታች አንድ ጥቁር መስመር አለ። መካኒክ ልብሱ ቢጠቁር ምን ይደንቃል? እሱ ግን በጣቱ ዳበሰው። ዘይት አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ ዱቄት። አሸተተው።

«ጥቀርሻ ነው» አለ።

«እና?»

«ከሞተሩ ኋላ ጥቀርሻ ምን ይሠራል?» የጠየቀው እኔን አልነበረም። ግድግዳውን አየ፣ ሦስቱን መስመር። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ያሰላ ነበር። ከዚያ «ማሞቂያው» አለ፣ ሹክ ባለ ድምፅ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሰው ሲፈራ አይቻለሁ። ይህን ሰው ግን ሚስቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ አላየሁትም።

«ስልክሽን! ስልክሽን ስጪኝ! ደውይላት!»

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ጋሽ ጆሮ ግንባሩን በቡጢ መታ። «አታነሳም። ሲነዱ ስልክ አይነሳም፣ ቦርሳሽን ከኋላ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጪ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አታነሳም!»

ዕቃ የማመላልስባት ፒክ አፕ አለችኝ። ሱቄን ሳልዘጋ ወጣን። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ መጥረጊያው አይችለውም። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ በአንድ እጁ ዳሽቦርዱን ይዞ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ እየተጣደፈ ያወራል።

«ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው የብረት ቱቦ ተሰንጥቋል፤ ሴንሰሩ ጋ ሳይደርስ። በስንጥቁ አየር ይገባል። ሴንሰሩ አየሩን ያይና ነዳጅ አንሷል ይላል። ኮምፒዩተሩ ያምነውና ነዳጅ ይጨምራል። የበዛው ነዳጅ በደንብ አይቃጠልም፣ መርዝ ይሆናል። መርዙ በዚያው ስንጥቅ ይወጣል። ማሞቂያው ደግሞ ወደ መኪናው ውስጥ ይስበዋል።» ትንፋሹ አጠረ። «ሴንሰሩ አልቀባጠረም። ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ሕፃኗ አልተኛችም፣ ገባሽ? አንድም ቀን ተኝታ አታውቅም።»

ገባኝ። ያ ሁሉ ተመስገን ያልንበት እንቅልፍ ገባኝ። ያቺን የአበባ ሽቶ አሰብኳትና ነዳጁን ረገጥኩት። «አምላኬ፣ አምላኬ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«ስትሄድ ነፋሱ ጭሱን ይወስድላታል» አለ። «ቆማ ከሆነ ነው የምፈራው። ሰልፉ ላይ ከቆመች…» አልጨረሰውም።

ሰልፉ ከነዳጅ ማደያው ጀምሮ ነበር። የመጨረሻው መኪና ጋ ስንደርስ በሩን ከፍቶ፣ እኔ ገና ሳልቆም ወረደ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ይሳደባል። ያን ቀን ሮጠ። እኔም ፒክ አፗን መንገድ መሐል፣ ቁልፏ እንደተሰካ ትቼ ተከተልኩት። ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ይንቦጫረቃል። በየመኪናው መስኮት እያየሁ ሮጥኩ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ በር፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በር።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከፊት፣ ከድልድዩ በኩል፣ ክላክስ። አንድ ሳይሆን አምስት፣ አሥር። ተራው የእኛ ወገን ሆኖ ሰልፉ መንቀሳቀስ ነበረበት፤ አንድ መኪና ግን አልንቀሳቀስ ብሏል። ከፊቱ መንገዱ ባዶ ነው፣ እስከ ድልድዩ ድረስ። ያን ባዶ መንገድ ሳይ ሩጫዬን ጨመርኩ። ማን እንደሆነች ሳላይ አውቄያለሁ።

ከኋላዋ ያለ አንድ ግዙፍ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «አንቺ! ተኝተሻል እንዴ?» እያለ ይጮኻል።

መስታወቶቿ በሙሉ በላብ ተሸፍነዋል። የዝናብ መጥረጊያዋ ይሠራል፣ ሞተሯ ይሠራል። ጋሽ ጆሮ በመዳፉ መስታወቱን ደበደበ። ከውስጥ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው፣ ወደ በሩ ያዘነበለ ጭንቅላት። በሮቹ ተቆልፈዋል። ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ መዘዘና የመስታወቱን ጥግ በጫፉ ሁለት ጊዜ ወጋው። በሁለተኛው መስታወቱ ተበታተነ። ከውስጥ ሙቀት ወጣ፤ ሙቀትና የእኔ የአበባ ሽታ። ከአበባው ሥር ጭሱ ያን ጊዜ ሸተተኝ።

የእጅ ፍሬኑን ስባዋለች፤ ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ሳቢ ብሎ አስተምሯት ነበር። ባትስበው ወንዙ ሩቅ አልነበረም። እሷን እኔና ሰውዬው ጎትተን አወጣናት። ዓይኗ ገርበብ ብሏል። «ራሴን» አለች፣ ከዚያ ዝናቡ ላይ አስመለሳት። በሕይወት አለች ማለት ነው። ጋሽ ጆሮ እሷን አላየም። ከኋላ በር ገብቶ የሕፃኗን ቀበቶ ይፈታ ነበር፤ ያ ዓይኑን ጨፍኖ ብሎን የሚፈታ ሰው ቀበቶውን መፍታት አቃተው።

አወጣት። ብርድ ልብሷ እንደተጠቀለለ ነው። ጭንቅላቷ ክንዱ ላይ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። «ክላክስ» አላት። «እናቴ፣ ክላክስ፣ የኔ እናት።» ምንም የለም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ልብሷን ገለጠና ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ። ከኋላ ያሉት መኪናዎች አያዩም፣ አሁንም ክላክሳቸውን ይዘዋል። ቀና አለና እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ይወጣል ብዬ በማላስበው ድምፅ «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። «ዝም በሉ! አልሰማም!»

ግዙፉ ሰውዬ እጁን ወደ ኋላ እያወዛወዘ ሮጠ። አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ያ ሰው ሲያዳምጥ ሃያ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ፊቱን አይቼ ሞተሩ ይድናል አይድንም ማለት እችላለሁ። ያን ጊዜ ፊቱ ምንም አልነገረኝም። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ውሃ በቅንድቡ ይወርዳል። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። መሞት ማለት ይህን መጠበቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ልቧ ትመታለች» አለ በመጨረሻ። «በጣም ቀስ ብላ።»

ሆስፒታል ያደረሰን ያው ሰውዬ ነው። ማንም ሳይነግረው የመኪናውን አራት መስኮት ከፈተው፤ ዝናቡ እየገባ ሁላችንም በስብሰን ሄድን። መንገዱን ሁሉ «ይቅር በሉኝ፣ የተኛች መስሎኝ ነው፣ ይቅር በሉኝ» ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ደህና አድርጌ እነግረው ነበር። ግን እኔም የተኙ መስሎኝ አልነበረም?

ለሁለቱም ኦክስጅን አደረጉላቸው። የሕፃኗ ጭንብል ፊቷን በሙሉ ሸፈነው። እኛን ከበሩ አጠገብ አቆሙን። ጋሽ ጆሮ መቆም አቅቶት ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ከልብሱ የሚወርደው ውሃ ዙሪያውን ኩሬ ሠራ። ጆሮውን ወደ ክፍሉ አዘንብሎ ነበር። ግማሽ ሰዓት። ከዚያም በላይ። ነርሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ፍርሃት ሲበዛ ሰው ይጮኻል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ምላሴ ታስሮ ቀረ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ነገር ሰማን። ከዚያ ትንሽ ማጉረምረም። ከዚያ ያ ሠፈር የሚያናውጠው ለቅሶ ተለቀቀ፣ ሳይደክም፣ ሳይቆራረጥ፣ ጥርት ብሎ። በኮሪደሩ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። አንዷ ነርስ ልታባብላት ጎንበስ ስትል ጋሽ ጆሮ ከወለሉ ላይ እጁን ዘረጋ።

«ተያት፣ እህቴ» አለ። «በናትሽ ተያት። ታልቅስ።»

እሱም ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ገባች። እናትየው ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ናት። ሐኪሟ ጎበዝ ወጣት ናት፣ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ነው የምታወራው። «አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ሕፃኗን ለተወሰኑ ወራት እንከታተላታለን፤ አሁን ምንም ማለት አልችልም» አለች። ቀጥላም «መኪናው ምንም ምልክት አላሳየም?» ብላ ጠየቀች።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ልጅቱ አባቷን ተመለከተችው። እርጥብ ልብሱን፣ በመስታወቱ የተቆራረጡ ጣቶቹን አየች። ጭንብሏን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገችና «አላሳየም» አለች። «ምንም አላሳየም።»

ደህና ውሸት ነበር። ሁላችንም ተደብቀን የምንኖርበት ያህል ሰፊ ነበር። እኔማ ገብቼበት ነበር።

«አሳይቷል» አለ ጋሽ ጆሮ። ተነስቶ ቆመ። «ሦስት ጊዜ አሳይቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕፃኗ ብቻ ማልቀሷን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆኗል። ክላክስ ትሄዳለች፤ ወደቅ እያለች፣ እየተነሳች። ሐኪሟ «ይበቃል፣ ደህና ናት» ካለች ሁለተኛ ወሩ ነው፣ ጋሽ ጆሮ ግን አላመነም። ከኋላዋ እጁን ያጨበጭባል፤ ዘወር ስትል ይተነፍሳል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልጁ ይቅር ብላዋለች፤ ግን አብራው መኪና ስትገባ፣ ክረምትም ቢሆን፣ መጀመሪያ መስኮቱን ትከፍታለች። እሱም ያያል።

የተሰነጠቀውን ቱቦ ፈትቶ ግድግዳው ላይ፣ ከሦስቱ የጠመኔ መስመሮች በላይ ሰቅሎታል። ስንጥቁ ፀጉር ያክላል። እኔ ደግሞ የመኪና ሽቶ መሸጥ ትቻለሁ። የሚጠይቅ ቢመጣ «ምን ሸቶህ ነው?» እለዋለሁ፤ ደንበኛ ያስቀይማል፣ ይቀየም።

ትናንት ጠዋት አንድ ጎረምሳ ሞተሩን ሳያጠፋ በራፉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቼክ ኢንጅን በራብኝ። ቸኩያለሁ፣ አጥፋልኝ ብቻ።»

ጋሽ ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበ። የኋላውን ወንበር በመስኮቱ አየ።

«በዚህች መኪና ማን ማን ይሄድባታል?» አለው።

«እኔ፣ ሚስቴ፣ ሁለት ልጆቼ። ምነው?»

ጋሽ ጆሮ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን ነቀለና ኪሱ ከተተው።

«እንግዲያው ዛሬ በእግርህ ሂድ» አለው፣ ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ እየመዘዘ።